ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» አለ እንጂ «አታክሙት» አላለም

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ለሠራተኛና ለቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ገብቶልናል። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ወገቡን ማመም ከጀመረው አምስት ሳምንት ሆነው፤ ሕመሙ ወደ ግራ እግሩ ይወርዳል። ሐኪሙ ኤምአርአይ አዘዘለት። ኢንሹራንሱ ግን መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ይሞክር ብሎ መለሰው። ለደም ግፊት የሚወስደውን ሎዛርታንም አንከፍልም ስላሉ ፋርማሲው በኢናላፕሪል ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ያስለዋል። ሐኪሙን ስናናግረው ‹ኢንሹራንሱ ካልፈቀደ እኔ ምን ላድርግ› አለን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ ‹ወድቆ ነው ብላችሁ አጽፉት፣ ወዲያው ይፈቀዳል› አለችን። አሁን አሁን ሸበጡም ከግራ እግሩ እየወለቀ ያስቸግረዋል። ኢንሹራንስ ሐኪም ነው እንዴ? መክሰስ እንችላለን?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ከክሱ ሳይሆን ከሸበጡ።

ነካ አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ከኢንሹራንሱም ከሳሉም ይብሳል። ሸበጥ ከአንድ እግር ብቻ እየወለቀ ሲያስቸግር፣ በተለይ ሕመሙ ከወገብ ወደዚያው እግር የሚወርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የእግሩን ፊት ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ እንደደከመ ነው። ጡንቻው ራሱ ታሞ አይደለም፤ የሚያዝዘው ነርቭ ወገቡ ላይ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። ሕመምና ድክመት አንድ አይደሉም። ሕመም ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። ድክመት አይጠብቅም፤ ነርቭ ተጭኖ በቆየ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የመመለስ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዛሬ ማታ ጫማውን አውልቆ በተረከዙ ብቻ አሥር እርምጃ ይራመድ። አንቺ ጣቶቹን እያየሽ። የቀኝ እግሩ ጣቶች ከወለሉ ተነስተው የግራዎቹ ካልተነሱ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሁን። ቢነሱም ይህ ሳምንት ሳያልቅ ይታይ፤ የቤት ውስጥ ፈተና ሐኪምን አይተካም። ሽንት ካቃተው ወይም ካመለጠው፣ መቀመጫውና የጭኖቹ መሃል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ከደከሙ ግን ነገንም አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። መሃል ከተማ ካላችሁ ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም። የኢንሹራንስ ካርድ ፍለጋ መሳቢያ እንዳትበረብሪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኢንሹራንስ ሐኪም ነው እንዴ? አይደለም። ግን እዚህ ጋ አንቺም፣ ሐኪማችሁም የተምታታባችሁ ነገር አለ። ኢንሹራንሱ ያለው «ይህን አሁን አልከፍልም» ነው። «አታንሱት፣ አታክሙት» አላለም፤ ሊልም አይችልም። ባለቤትሽን አላየውም፣ እግሩን አልነካውም፣ ካርዱ ላይ አልፈረመም። ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር የክፍያ ውል ያለው ድርጅት ነው፣ አለቀ።

ኪስ ባዶ ሲሆን «አልከፍልም» እና «አታክሙት» ምን ይለያቸዋል ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ለብዙ ቤተሰብ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ግን ነገ የሚጠቅምሽ ይኸው የወረቀት ልዩነት ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ኃላፊነቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚያሳየው እሱ ነው። ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ወስኖ ከጻፈና ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ጥያቄው የገንዘብ ነው። ሐኪሙ «አልፈቀዱም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ግን ጥያቄው የሕክምና ይሆናል፤ ተጠያቂውም እሱ ነው።

ስለዚህ «እኔ ምን ላድርግ» ላለው ሐኪም መልስ አለኝ። ብዙ ነገር ማድረግ ይችል ነበር። ባለቤትሽን እንደገና መርምሮ ያገኘውን መጻፍ። ኢንሹራንሱ ጋ ለተቀመጠው ሐኪም ደውሎ ማስረዳት። ለእናንተ ደግሞ «ኤምአርአዩ በእኔ እምነት ያስፈልጋል፣ እነሱ አልከፍልም ብለዋል፣ ከኪስ ብታነሱት ይህን ያህል ነው፣ ብትጠብቁ አደጋው ይህ ነው» ብሎ በግልጽ መንገር። ይሄ የደግነት ጉዳይ አይደለም። የሀገራችን የጤና ሕግ የጤና ባለሙያ ለታካሚው በቂ መረጃ ሰጥቶ በፈቃዱ እንዲያክመው ያስገድዳል። «ኢንሹራንስ ያለው ታካሚ ሲሆን ይቅር» የሚል መስመር እኔ አላነበብኩም።

ሐኪሙንም ግን ብቻውን አልኮንነውም። በቀን የሚያየው ሰው ብዛት ይታወቃል። አስተዳደሩም ብሩን ከኢንሹራንሱ ስለሚጠብቅ «ባታስቀይሟቸው ጥሩ ነው» ይላል፣ በጽሑፍ ሳይሆን በኮሪደር ላይ። እንዲህ ያለ ግፊት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ የማይከፍለውን ታውቃለህ፣ ቀጥሎ ማዘዝ ትተዋለህ፣ በመጨረሻ ለበሽተኛው መንገርም ትተዋለህ። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው፤ በሽተኛው የተከለከለውን ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ሁለቱንም ወንበር ተቀምጬበታለሁ። ለዓመታት በሽተኛ አይቻለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ከሆስፒታል የሚመጡ ጥያቄዎችን «ይፈቀድ»፣ «አይፈቀድ» እያልኩ ፈርሜያለሁ። አንድ ቀን «የጀርባ ሕመም፣ ኤምአርአይ» ከሚሉ ሦስት ቃላት ውጪ ምንም የሌለበት ማዘዣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። እኔም እንደ ደንቡ «መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ» ብዬ መለስኩት። ከሁለት ወር በኋላ የዚያው ሰው ፋይል ተመልሶ መጣ፤ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ክብደት መቀነሱ፣ ማታ ማታ ማላቡ፣ ሁሉም ሆስፒታሉ ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር። ወደ እኔ በመጣው ማዘዣ ላይ ግን አልነበረም። እኔም ስልክ አንስቼ አልጠየቅኩም። ሰውየው ድኗል፤ እኔ ግን ያቺን ማዘዣ እስካሁን አልረሳኋትም።

ይህን የምነግርሽ አንድ ነገር እንድታይ ብዬ ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ያለው ሰው የሚፈርደው በሽተኛው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። የባለቤትሽ ማዘዣ ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ ከተጻፈ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። እግሩ ባይደክም ኖሮ በኤምአርአዩ ጉዳይ ከኢንሹራንሱ ጋር እስማማ ነበር። አዎ፣ ከኢንሹራንሱ ጋር። አዲስ የወገብ ሕመም፣ ወደ እግር የሚወርደውም ጭምር፣ አስጊ ምልክት ከሌለው አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ቶሎ ኤምአርአይ ማንሳት ሕክምናውን አያሻሽለውም። የሚያመጣው ጭንቀት ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ከ3,000 በላይ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎችን የአከርካሪ ምስል ሰብስቦ አይቶ ነበር። በ40 ዓመት ዕድሜ ግማሾቹ ላይ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ማበጥ ታየ፤ በ50 ዓመት ደግሞ ከ10 ሰዎች ስድስቱ ላይ። ምንም የማያማቸው ሰዎች! እዚህ ከተማ «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለውን ወረቀት ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞረው ሰው ብዛት ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው።

ስለዚህ «ስድስት ሳምንት ይሞክር» የሚለው መመሪያ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ እኛም የምንማረው ነው። ጥፋቱ መመሪያውን ሰውየውን ሳያዩ መጫን ላይ ነው። የእግር ድክመት፣ የሽንት ችግር፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ ካለ ስድስት ሳምንቱ አይሠራም። እኛ ሀገር ላይ ቲቢን ጨምሪበት። እነዚህ መመሪያዎች በብዛት የተጻፉት የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ በሆነባቸው ሀገሮች ነው። እንዳሉ ገልብጦ እዚህ መጠቀም የሚያስከፍለውን ከላይ ነግሬሻለሁ።

ኢንሹራንሶች ለምን እንዲህ ይጨክናሉ? ከፊሉ ትርፍ ነው፣ አንደባበቅ። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው፤ መድኃኒትና ምርመራ ግን በየወሩ ይወደዳል፣ ልዩነቱን ኩባንያው መዋጥ አይፈልግም። ከፊሉ ግን የእኛው ሥራ ነው። በወንድሙ ካርድ የሚታከም አለ። ገና ስምሽን ሳይጠይቅ «ኢንሹራንስ አለሽ?» የሚል ካርድ ክፍል አለ፤ ካለሽ ምርመራው ይበዛል፣ ዋጋውም ሌላ ይሆናል። ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ኢንሹራንሱ ይህንን ለመቆጣጠር ያጠረው አጥር ነው ባለቤትሽን የያዘው። አጥሩ ሌባና እንግዳ አይለይም።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ምንም አላስተባብልም፤ ፋርማሲውም ኢንሹራንሱም አጥፍተዋል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሎዛርታንን አንድ ፋብሪካ ከሠራው ወደ ሌላ ፋብሪካ የሠራው መቀየር አንድ ነገር ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው ነው፣ ካርቶኑና ዋጋው ነው የሚለየው። ኢንሹራንሱ «ርካሹን ሎዛርታን ነው የምከፍለው» ቢል ኖሮ ከጎኑ እቆም ነበር። ሎዛርታንን በኢናላፕሪል መቀየር ግን የካርቶን ለውጥ አይደለም። ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ግፊት ይቀንሳሉ፣ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ኢናላፕሪል ሰውነት ውስጥ ብራዲኪኒን የሚባል ነገር እንዳይሰበር ያደርጋል፤ እሱ ሲጠራቀም ጉሮሮን ይከረክራል። በግምት ከ10 ሰው አንዱን ያህል ደረቅ ሳል ያስይዛል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ሎዛርታን ይህ ጠባይ ብዙም የለበትም። ምናልባት ሐኪሙ መጀመሪያውኑ ሎዛርታንን የመረጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ካርዱን ገልጦ ይመልከት።

እንዲህ ያለ ለውጥ ያዘዘው ሐኪም ሳያውቅና ሳይስማማ ፋርማሲ መስኮት ላይ አይደረግም። ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሲል የፋርማሲስቱ ሥራ ለሐኪሙ መደወል ወይም ማዘዣውን ለእናንተ መመለስ ነበር። ባለቤትሽ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ሎዛርታኑን እንደገና ያጽፍ። እስከዚያ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፤ ግፊት ያለ መድኃኒት ማደር የለበትም። ሳሉ ኢናላፕሪሉ ከቆመ በኋላም ወዲያው አይጠፋም፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ የሳል ሽሮፕ እየገዛችሁ ገንዘብ አትጨርሱ። ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ግን ከሳል ጋር አንድ አታድርጉት፤ መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ሌላም አለ፣ አልጠየቅሽኝም ግን ልጠይቅሽ። ለወገቡ ምን እየወሰደ ነው? ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ፣ ደግሞ አብዛኛው ሰው እሱን ነው ከፋርማሲ የሚገዛው፣ ሁለቱም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ከሎዛርታንም ሆነ ከኢናላፕሪል ጋር ለሳምንታት ሲወሰዱ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የመከረቻችሁን አታድርጉት። ክፋት የላትም፣ እንዲያውም ልትረዳችሁ ፈልጋ ነው። ግን «ወድቆ ነው» ተብሎ የተጻፈ ነገር ካርዱ ላይ ይቀራል። የሚቀጥለው ሐኪም የአደጋ ጉዳት እየፈለገ እውነተኛውን ምክንያት ሊያልፈው ይችላል። ኢንሹራንሱ ደግሞ አንድ ቀን መመርመሩ አይቀርም፤ የት ወደቀ፣ መቼ፣ ማን አየው ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል ሲደነግግ ሆን ብሎ ሐሰት መናገርና እውነት መደበቅ ውሉን እንደሚያፈርስ በአንቀጽ 668 አስቀምጧል። የሐሰት ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ደግሞ ከኢንሹራንስ አልፎ የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ የፈረመውም ሐኪም አብሮ ይጠየቃል። ዋናው ግን ይሄም አይደለም። እውነቱ ራሱ በቂ ነው! እግሩ ደክሟል። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ምክንያት ፈጥራችሁም አታገኙም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐኪሙ እንደገና ይመርምረውና አዲስ ማዘዣ ይጻፍ። «የወገብ ሕመም» አይበል። ሕመሙ ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ የግራ እግር ጉልበት ምን ያህል እንደቀነሰ፣ መቼ እንደጀመረ፣ እስካሁን ምን እንደተሞከረ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚፈራ ይጻፍ። አምስት መስመር ነው። ላዩ ላይ «አስቸኳይ» ይበልበት። ከእሱ ጋር ኢንሹራንሱን በጽሑፍ መልስ ጠይቂ። በስልክ የተባለ ክልከላ እንዳልተባለ ቁጠሪው፤ ነገ «እኛ አልከለከልንም» ይሉሻል። የውሉን የትኛውን አንቀጽ መሠረት አድርገው እንደከለከሉ፣ ጥያቄውን ያየው ሐኪም ይሁን አይሁን ይጻፉልሽ። እኔ እዚያ ስሠራ አይቻለሁ፣ «በጽሑፍ ስጡኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ፋይሉ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የማያምር እውነት ነው፣ ግን እውነት ነው።

የጽሑፉን መልስ ግን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ሐኪሙ ድክመቱን ካረጋገጠ ኤምአርአዩ ከኪሳችሁም ቢሆን፣ ተበድራችሁም ቢሆን ይነሳ። ይህ የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ነው። ገንዘቡ ኋላ በክርክር ሊመለስ ይችላል። እግሩ ግን በክርክር አይመለስም። አቅሙ ጭራሽ ከሌለ በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሂዱ፤ ወረፋው እንዳለ ሆኖ ድክመት ያለበት ሰው ከሌላው ይቀድማል፣ ሪፈሩ ላይ ድክመቱ ከተጻፈ ማለቴ ነው። ከኪስ ከከፈላችሁ ደረሰኙ በባለቤትሽ ስም ይሁን፣ የማዘዣው ቅጂና የኤምአርአዩ ውጤትም አብረው ይቀመጡ። ብዙ ውሎች ክሌም የሚቀርብበትን የቀን ገደብ ያስቀምጣሉ፤ የእናንተን ዛሬውኑ እዪ።

መክሰስ ትችላላችሁ ወይ? ትችላላችሁ፣ ግን የምትጠብቂውን ያህል ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ውሉን የፈረመው መሥሪያ ቤትሽ ነው፤ እናንተ ተጠቃሚዎች ናችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው በር የሰው ኃይል ክፍል ነው። አንድ ሠራተኛ ሲጮህ የማይሰማ ኢንሹራንስ፣ በየዓመቱ አረቦን የሚከፍለው ድርጅት ሲደውል ይሰማል። ቀጥሎ ለራሱ ለኩባንያው የጽሑፍ ቅሬታ። ካልሆነ ብሔራዊ ባንክ፤ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ነው፣ ከቢሮሽ በእግርሽ ትደርሻለሽ። ባንኩ ግን «ኤምአርአይ ያስፈልገዋል» ብሎ አይፈርድም። የሚያየው ኩባንያው ውሉንና መመሪያውን አክብሮ መሥራቱን ነው። የፋርማሲውንና የሐኪሙን ጉዳይ ደግሞ እዚያ አትውሰጂ፣ እሱን የሚያየው የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፤ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳልና አትዘናጊ፣ ጠበቃም አማክሪ። ውሉ ላይ ኤምአርአይ ከሽፋን ውጭ ነው ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ግን ክሱን እርሺው። ያልተገዛ ነገር አይጠየቅም።

የሰው ኃይል ክፍል ስትሄጂ አንድ ጥንቃቄ። የባለቤትሽን ሙሉ ሜዲካል ሪፖርት ለኤችአር አታስረክቢ። ለኤችአር የሚበቃው «ጥያቄያችን ተከልክሏል፣ ደብዳቤው ይኸው» ነው። የምርመራው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ከሐኪም ወደ ኢንሹራንሱ ሐኪም ይሂድ። የሰው ሕመም ቢሮ ውስጥ የቡና ወሬ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚገባቸው ውስጥ አስገብቶታል፤ «አዋጁን ታውቁታላችሁ አይደል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እግረ መንገዴን፣ ይህን ሁሉ ከማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጋር እንዳታምታቺው። እሱ ሌላ ነው። እዚያ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ነው ወደ ሆስፒታል የሚኬደው፣ ደረጃውን ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ለመደበኛ ሠራተኛ የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን ደግሞ አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሲራዘም የቆየ ነው። ጓደኛሽ «እኔ በመድን ታክሜ ማንም አልከለከለኝም» ስትልሽ የትኛውን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂያት።

«ይሄ የእኛ ሀገር ጉድ ነው» ብለሽ ካሰብሽ ግን ተሳስተሻል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች በየቀኑ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቁበት ሰዓት አላቸው። በኅዳር 2024፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ አንተም የሚባል ትልቅ የጤና ኢንሹራንስ (ስሙ ነው፣ እየተቆጣሁ አይደለም) በአንዳንድ ግዛቶች ለሰመመን የሚከፍለውን ደቂቃ ልገድብ ነው አለ። ቀዶ ሕክምናው ከተገመተው ሰዓት ቢያልፍስ? ሐኪሞችም ሕዝቡም ጮኹ፣ ኩባንያው በታኅሣሥ መጀመሪያ ዕቅዱን ተወው። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት «ለሕክምና አያስፈልግም» የሚለውን ክልከላ ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ባለሙያ እንጂ ኮምፒውተር ብቻውን እንዳይወስነው የሚል ሕግ አወጣች፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ይሠራል። ሕንድ ደግሞ በ2024 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንሶች ከሆስፒታል ለሚመጣ የቅድመ ፈቃድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲመልሱ አዘዘ። በአንድ ሰዓት!

እኛ የካሊፎርኒያን ሕግ መጠበቅ የለብንም፤ ውል አለን። የቡድን የጤና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያኔ ነው መናገር የሚቻለው። መሥሪያ ቤትሽ ሲያድስ ሦስት ነገር ያስገባ በዪ። አስቸኳይ የተባለ ጥያቄ በ24 ሰዓት መልስ ያግኝ፣ ክልከላ ሁሉ በጽሑፍ ከነምክንያቱ በሐኪም ፊርማ ይሁን፣ መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም ሳይስማማ ወደ ሌላ ዓይነት እንዳይቀየር። የጤና ኢንሹራንስ ውል ሲፈረም ስለ ጣሪያው ብር ብቻ የሚከራከር ኤችአር ብዙ ነው። «በዓመት ይህን ያህል ሺህ» ይባልና ይጨበጨባል፤ ያንን ብር ለማግኘት ስንት በር መንኳኳት እንዳለበት ማንም አይጠይቅም። ከሥራ ባልደረቦችሽ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የአንድ ሰው አቤቱታ እንደ ግል ችግር ይታያል።

የኤምአርአዩ ውጤት ሲወጣ፣ ወረቀቱ ላይ «የዲስክ ማበጥ» የሚል ካያችሁ ወዲያው ወደ ኦፕሬሽን አትሩጡ፤ ምስሉ ከእግሩ ድክመት ጋር መግጠም አለመግጠሙን የነርቭ ወይም የአጥንት ስፔሻሊስት አይቶ ይወስን። ሲሄድም ሸበጡን አድርጎ ይሂድ። ሐኪሙ ፊት ሲራመድ ከወለቀ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።